ልጃችሁ በመጠጥ ምክንያት ከጻሃል ቀድሞ ከተሰናበተ፦ ወረቀቱን ማሻሻል ይቻላል ወይ?



ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ራሱ አይደለም፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ልጁ ጻሃል ገብቶ ነበር፣ መጠጥ ጀመረ፣ ተቀጣ፣ ታሰረ፣ ከዚያም ጊዜው ሳይደርስ ተለቀቀ። አሁን ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ «የት አገለገልክ?» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። «ይህ ወረቀት ይቀየራል ወይ?» ይሉናል።

መልሱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ነገር ይቀየራል፣ አንዳንዱ ይቀላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቤተሰቡ የፈራውን ያህል ከባድ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ልጆቻችን ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ ሲፈልጉ የሚያገኙት የአሜሪካን ጦር ሕግ ነው። በአሜሪካ ስንብት በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ሙሉ የክብር ስንብት አለ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ አለ፣ ከክብር ውጭ የሚባልም አለ። ደረጃው ለእያንዳንዱ ወታደር በሚሰጠው ዲዲ 214 በሚባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ደረጃው ይሻሻልልኝ የሚል ሰው ዲዲ 293 የሚባል ቅጽ ሞልቶ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ ለስንብት መርማሪ ቦርድ ያቀርባል፤ 15 ዓመት ካለፈው ዲዲ 149 በሚባለው ቅጽ መዝገብ ወደሚያርመው ሌላ ቦርድ ይሄዳል። በ2014 እና በ2017 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባወጣቸው መመሪያዎችም ጥፋቱ በአገልግሎት ላይ ከደረሰ የአእምሮ ጉዳት ጋር የተያያዘ ከሆነ ቦርዶቹ ጉዳዩን በሰፊ ልብ እንዲያዩት ታዘዋል፤ መጠጥ ማብዛቱ ራሱ የጉዳቱ አንድ ምልክት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካላችሁና ጉዳዩ የእሱ ከሆነ መንገዱ ይኸው ነው። በእስራኤል ግን እንዲህ ያለ የደረጃ አከፋፈልም እንዲህ ያለ ቦርድም የለም። ቅጹን ከኢንተርኔት አውርዶ መሙላት ዋጋ የለውም።

በእኛ አገር የሚጠየቀው ሌላ ነው። ልጁ በምን መንገድ ነው የተለቀቀው? በመጠጥ የተነሳ ከጻሃል የወጣ ወታደር ጉዳይ ብዙ ጊዜ የተለያዩ መዝገቦች አሉት፤ እያንዳንዱ መዝገብም የራሱ በር አለው። ቤተሰብ ሁሉንም አንድ አድርጎ «ወረቀቱ ተበላሸ» ይላል፤ ደብዳቤም ሲጽፍ ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት ይጽፋል፤ ከዚያ ወራት ይጠብቃል።

አንዱ መዝገብ የዲሲፕሊን ቅጣት ነው፣ በዕብራይስጥ ዲን ሚሽማዕቲ የሚሉት። አዛዡ ራሱ የሚዳኘው ነው። ልጁ በጦር ሰፈር ውስጥ ሲጠጣ ተገኘ፣ ሰክሮ ዘብ ቆመ፣ ከዕረፍት ዘግይቶ ተመለሰ፤ አዛዡ ፊት ቀረበ፣ ከሰፈር እንዳይወጣ ወይም እንዲታሰር ተፈረደበት። ብዙ ወላጆች «ልጄ እስር ቤት ገብቷልና ወንጀለኛ ተብሎ ተመዝግቧል» ብለው ያምናሉ። እንደ ደንቡ በዲሲፕሊን የተሰጠ ቅጣት፣ እስራት እንኳ ቢሆን፣ የወንጀል መዝገብ አይሆንም። አንዲት እናት ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳታውቅ ልጇ ለማንኛውም ሥራ እንዳያመለክት ስትከለክለው ኖራ ነበር።

ሁለተኛው የጦር ፍርድ ቤት ነው። የጦር ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በ1955 በወጣው የወታደራዊ ዳኝነት ሕግ ነው። ሰክሮ የጦር መኪና መንዳት፣ ሰው መደብደብ፣ መሣሪያ ማጥፋት፣ ረጅም ጊዜ መጥፋት እዚህ ይደርሳሉ። የጦር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ሪሹም ፕሊሊ ማለትም የወንጀል መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ጥፋቱ እንደ መጥፋት ያለ በወታደር ቤት ብቻ ያለ ጥፋት ሆኖ ቅጣቱ ቀላል ከሆነ ግን «የተቀነሰ መዝገብ» የሚባል አለ፤ ይህን የሚያዩት መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ናቸው።

ሦስተኛው ስንብቱ ራሱ ነው። በ1986 በወጣው የጸጥታ አገልግሎት ሕግ መሠረት ጦሩ አንድን ወታደር ጊዜው ሳይደርስ ሊያሰናብት ይችላል። ከመጠጥና ከእስር በኋላ በብዛት የሚሰጠው ምክንያት ኢ-ሃትአማ ይባላል፤ ለአገልግሎት አልተስማማም ማለት ነው። ከዚህ የከበደ፣ በመጥፎ ጠባይ ምክንያት የሚል ስንብትም አለ። እነዚህ የፍርድ ውሳኔ አይደሉም፤ የአስተዳደር ውሳኔ ናቸው። ስለዚህ የሚለምኑት ዳኛን አይደለም፣ ውሳኔውን የሰጠውን የጦሩን ክፍል ነው።

አራተኛው የሕክምና ስንብት ነው። ካባን የሚባለው የጦሩ የአእምሮ ጤና መኮንን ልጁን አይቶ ፕሮፊሉ ወደ 21 ዝቅ ሊል ይችላል። 21 ለአገልግሎት ብቁ አይደለም ማለት ነው፤ 24 ደግሞ ለጊዜው ብቁ አይደለም ማለት ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ 21ን ሲሰማ «እብድ ነው አሉት» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን በመጠጥና በጭንቀት ለወጣ ልጅ ከኢ-ሃትአማ ይልቅ የሕክምና ስንብት ለመብቱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ልጆቻቸው ገና በጦሩ ውስጥ ላሉ ወላጆች አንድ ነገር እንበል፤ ከተሰናበቱ በኋላ ከምንደክምበት ነገር ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው። በእኛ ባህል ያጠፋ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሽማግሌውም ይመርቀዋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልጆቻችን ማጻህ፣ ማለትም የወታደራዊ ፖሊስ መርማሪዎች፣ ፊት ሲቀርቡም ይህንኑ ያደርጋሉ። እናትም በስልክ «እውነቱን ተናገር፣ ይምሩሃል» ትላለች። መርማሪው ሽማግሌ አይደለም። የተነገረው ሁሉ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወታደሩ ከምርመራው በፊት ከሳኔጎሪያ ጽቫኢት፣ ማለትም ከጦሩ ነጻ ጠበቆች ጋር የመነጋገር መብት አለው፤ ዝም የማለት መብትም አለው። ውሸት ተናገር ማለታችን አይደለም። ጠበቃ ሳታማክር አትናገር ማለታችን ነው።

ሌላው ፊርማ ነው። እስር ቤት ያለ ልጅ ከዚያ ለመውጣት ሲል ማንኛውንም ነገር ይፈርማል። «ልቀቁኝ፣ ማገልገል አልፈልግም» የሚል ወረቀት በገዛ እጁ ጽፎ የወጣ ብዙ ነው። ያን ቀን ደስ ይለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንብቱን ላስለውጥ ሲል መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንኑ ወረቀት ነው። ያኔ የተሻለው መልስ ፊርማውን መካድ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንደፈረመ ማስረዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ፤ እሱም ማስረጃ መሰብሰብ ነው። ጦሩ ያሰናበተበት መዝገብ «ሰከረ፣ ጠፋ፣ ታሰረ» ይላል። ለምን የሚለው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የእኛ ልጆች ታሪክ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። አባት ሥራ አቁሟል፣ የቤት ኪራይ ተጠራቅሟል፤ ልጁ ከዕረፍት ሳይመለስ ቀርቶ ማታ ማታ ዕቃ ማውረድ ይሠራል፤ ኔፍካድ ተባለ፣ ማለትም የጠፋ ወታደር፤ ተያዘ፣ ታሰረ፤ ከእስር ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ቢራና ቮድካ ጀመረ። ጦሩ ለእንዲህ ያለ ቤት እርዳታ አለው። ማሻኪት ታሽ የምትባለው የአገልግሎት ሁኔታ ኃላፊ ለቤተሰብ ክፍያ፣ ለሥራ ፈቃድ፣ ለልዩ ዕረፍት ማመልከቻ ታስገባለች። ልጁ ወይ አፍሮ አልነገራትም፣ ወይ ነግሯት ወረቀት ሳይሟላ ቀረ። ነግሯት ከነበረ ያ ማመልከቻ ዛሬ ወርቅ ነው፤ ፈልጉት። ልጁ ያኔ ችግሩን ተናግሮ እንደነበር ያሳያል።

ሌላው ምክንያት ሐዘን ነው፤ አያት ወይም አጎት ሞቶ ልጁ ሳይለቀቅለት ቀርቶ ይሆናል። ሌላው በውጊያ ወይም በድንበር ያየው ነገር ነው፤ በተለይ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ እንቅልፍ እንዲወስደው ሲል የሚጠጣ ልጅ ጥቂት አይደለም። ከእኛ ወላጆች ብዙዎቹ ሱዳን ያለፉበትን መንገድ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ እንደኖሩ ሁሉ፣ ልጆቹም ያዩትን ለእኛ አይናገሩም።

ስለዚህ ልጁ ራሱ ጠይቆ ከጦሩ የሕክምና መዝገቡን ያውጣ። በ1996 በወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሰው የራሱን የሕክምና መዝገብ የማግኘት መብት አለው። ከካባን ጋር ተነጋግሮ ከነበረ እዚያ ውስጥ ይገኛል። የፍርድ ወረቀት ካለ ቅጂው ይውጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ማስረጃም ይጨመር፦ የሥራ ደመወዝ ወረቀት፣ የኮርስ ምስክር ወረቀት፣ ከኦቬድ ሶጽያሊ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሕክምና ላይ ከሆነ ከሐኪሙ የተጻፈ። ከቄስ ወይም ከማኅበረሰብ ሽማግሌ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ አይከፋም፤ ግን ብቻውን አይበቃም። እውነቱን ለመናገር «ጥሩ ቤተሰብ ነው፣ እናውቃቸዋለን» የሚል ደብዳቤ ለጦሩ የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው። «ከስምንት ወር ጀምሮ በየሳምንቱ ሕክምና ይመጣል» የሚል አንድ መስመር ይበልጠዋል።

ማመልከቻው ሲጻፍ መጠጡን አትደብቁ። መዝገቡ በእጃቸው ነው፤ የተደበቀ ነገር ሲያገኙ የቀረውንም አያምኑም። ምን እንደተፈጸመ በአጭሩ፣ ከጀርባው ምን እንደነበረ በማስረጃ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ፣ በመጨረሻም ምን እንደሚለመን በግልጽ ይጻፍ። «እባካችሁ እርዱን» ልመና አይባልም። «የስንብት ምክንያቴ ከመጥፎ ጠባይ ወደ ሕክምና እንዲቀየር እጠይቃለሁ»፣ ወይም «ስንብቱ ተሰርዞ ቀሪ ጊዜዬን እንዳገለግል እጠይቃለሁ» ነው የሚባለው። ደብዳቤው በልጁ ስም ይጻፍ፣ እሱም ይፈርም። ዕድሜው ከ18 በላይ ስለሆነ የወላጅ ፊርማ ምትክ አይሆንም።

ተመልሶ ላገልግል የሚል ልጅ ማመልከቻውን ለሜይታቭ፣ ማለትም ምልመላን ለሚመራው የጦሩ ክፍል ያቀርባል። ይህ መንገድ ብዙዎች የማያውቁት ነው። ፕጡር፣ ማለትም ከአገልግሎት ነጻ የተባለ ሰው፣ ውሳኔው እንዲሰረዝለትና በፈቃዱ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል። እርግጥ እሺ ይባላል ማለት አይደለም፤ መጠጡ መቆሙን ማየት ይፈልጋሉ፣ ሐኪም ፊትም ያቀርቡት ይሆናል። ከተሰናበተ በማግስቱ ከመጠየቅ ጥቂት ጊዜ ሠርቶና ታክሞ መጠየቅ ይሻላል።

የጦሩ መልስ እምቢ ከሆነ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ጠይቁ። በአዛዦች የተሠራ በደል አለ የምትሉ ከሆነ ንጺቭ ክቢሎት ሀያሊም የሚባለው የወታደሮች አቤቱታ ሰሚ አለ፤ ይህ መሥሪያ ቤት በ1972 የተቋቋመ ሲሆን ሪፖርቱን ለመከላከያ ሚኒስትሩና ለክኔሴት ኮሚቴ ያቀርባል። ልጁ ገና በጦሩ ሳለ ቢያቀርብ ይመረጣል። የመጨረሻው በር ባጋጽ ነው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። ወደዚያ ያለ ጠበቃ አትሂዱ። በ2000 የተመሠረተው ጠበቃ የተባለው ድርጅት (ስሙ አማርኛ ነውና ለማስታወስ አይከብድም) የማኅበረሰባችንን ሰዎች የሕግ ጉዳይ ያያል፤ ጉዳያችሁ የዘር አድልዎ ያለበት ከመሰላችሁ በተለይ እሱን አማክሩ። ነገሩ ከምናብ የመጣ አይደለም፤ በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በነበሩት በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን በመንግሥት ስም የጻፈ ሪፖርት አውጥቷል።

የወንጀል መዝገብ ላለበት ልጅ መንገዱ ሌላ ነው። ስንብቱ ቢቀየርም መዝገቡ በራሱ አይጠፋም። መዝገብ በሕጉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይዘጋል፣ በኋላም ይሰረዛል። ከዚያ በፊት እንዲሰረዝ ለፕሬዚዳንቱ የሀኒና ማመልከቻ ይቀርባል። የምሕረት ሥልጣን በ1964 በወጣው የፕሬዚዳንት መሠረታዊ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠ ነው፤ ጥፋቱ የጦር ሲሆን ጉዳዩ በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል ያልፋል። ለዚህም ቢሆን ከላይ የዘረዘርነው ማስረጃ ነው የሚጠቅመው። በ2019 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል መረጃ ሕግ ደግሞ ሥልጣን የሌለው ቀጣሪ ስለ ወንጀል መዝገብ መጠየቅ እንዳይችል ከልክሏል። «ከፖሊስ ወረቀት አምጣ» የሚል የሱቅ ባለቤት ሕግ እየጣሰ ነው። ፖሊስ፣ የእስር ቤቶች አገልግሎትና አንዳንድ የጥበቃ ሥራዎች ግን የተለዩ ናቸው።

ፕሮፊልንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። በ1988 የወጣው የሥራ እኩል ዕድል ሕግ ቀጣሪ የሠራተኛን ወይም ሥራ ፈላጊን የጦር ፕሮፊል እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ልጁ «ፕሮፊልህ ስንት ነው?» ቢባል መመለስ የለበትም።

ገንዘቡስ? በ1994 በወጣው የተሰናባች ወታደሮች ሕግ መሠረት ወታደር ሲለቀቅ መዋጮና ፒካዶን ያገኛል። መጠኑ በአገለገለበት ወርና በአገልግሎቱ ዓይነት ይሰላል። ፒካዶኑ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለቤት መግዣ ወይም ንግድ ለመክፈት ብቻ ይወጣል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ለፈለገው። ቀድሞ የተሰናበተ ወታደር መብቱ በአገልግሎቱ ርዝመትና በስንብቱ ምክንያት ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ስንብት ማስለወጥ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም አንዳንዴ ይኸው ነው። «ለተባረረ አይሰጥም» የሚለውን የሰፈር ወሬ ግን አትመኑ። በመከላከያ ሚኒስቴር ስር ያለው የተሰናባች ወታደሮች መምሪያ ጋ ልጁ ራሱ ሄዶ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ።

መጠጡ ከውጊያ ጉዳት የመጣ ከመሰላችሁ ሰዓቱ እየሮጠ ነው። በ1959 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ለአጋፍ ሃሺኩም፣ ለመከላከያ ሚኒስቴር የተሐድሶ ክፍል፣ የሚቀርብ ማመልከቻ እንደ ደንቡ ከስንብት በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። የአእምሮ ጉዳትም ጉዳት ነው። በኤፕሪል 2021 ኢጺክ ሳዒድያን የተባለ የ2014ቱ የጋዛ ውጊያ ተዋጊ በተሐድሶ ክፍሉ ቢሮ ፊት ራሱን በእሳት ካቃጠለ በኋላ መንግሥት በዚህ ክፍል ላይ ማሻሻያ አድርጓል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጉዳቱ የደረሰው በራሱ በወታደሩ ከባድ ጥፋት ነው ከተባለ፣ ለምሳሌ ሰክሮ ሲነዳ ተገልብጦ ከሆነ፣ ሕጉ ክፍያ ሊከለክል ይችላል።

ስለ መኪና ካነሳን ይህንም እወቁ፦ ለአዲስ ሹፌርና ከ24 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የተፈቀደው የአልኮል መጠን በአንድ ሊትር ትንፋሽ 50 ማይክሮግራም ነው፤ ለሌላው ሰው 240። ማለትም አንድ ቢራ ለወታደር ልጃችሁ ይበዛበታል። በስካር ሲነዳ ተይዞ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ዝቅተኛው የመንጃ ፈቃድ እገዳ 2 ዓመት ነው።

መጠጡን ማቆሙን የሚያሳይ ወረቀት የሚገኘው ደግሞ ሕክምና ሲጀመር ነው። በከተማችሁ ያለው የሪቫሃ ቢሮ በሱስ ለተያዙ ሰዎች የሚሠራ ክፍል አለው፤ የቤተሰብ ሐኪሙም በኩፓት ሆሊም በኩል ወደ አእምሮ ጤና ክሊኒክ ይልካል። በአገር ቤት ጠላና አረቄ ለበዓልና ለሠርግ ነበር፣ የሚጠጣውም ሽማግሌ ባለበት ነበር፤ ብቻውን በመናፈሻ ወንበር ላይ ቮድካ የሚጠጣ ልጅ ግን የታመመ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዔራን በ1201 ቀንም ሌሊትም ስልክ ያነሳል፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ውሰዱት።

የምትልኩትን ደብዳቤ ሁሉ በዶአር ራሹም፣ በአደራ ፖስታ ላኩ። የደረሰኙንና የደብዳቤውን ቅጂ አስቀሩ፤ ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ። ልጁ ስለ እስሩ በፊታችሁ መናገር የሚያፍር ከሆነ ጠበቃው ጋ ሲገባ እናንተ ውጭ ቆዩለት።